ሞሪስታውን፦ እምቢ ማለት የሚማሩ ውሾች ከተማ

ሞሪስታውን ውስጥ ውሻ ሲያልፍ «ኩቲ ኩቲ» ብሎ የሚጠራ የለም። ልጆች እንኳ እጃቸውን አይዘረጉም። የእግረኛ መንገዱ ላይ ቡና ይዘው የሚያወሩ ሰዎች ወደ ግድግዳው ጠጋ ይሉና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ውሻዋም ጀርባዋ ላይ የቆዳ መታጠቂያዋን አድርጋ፣ እጀታውን በግራ እጁ የያዘውን ሰው ትንሽ ሳብ እያደረገች፣ ማንንም ሳታይ ታልፋለች። ሁለቱ የሚሄዱት በዝግታ አይደለም፤ ፈጠን ብለው ነው፣ የሰውየውም ወገብ ቀጥ ብሎ። ከዚህ በፊት ማየት የተሳነው ሰው እንዲህ ሲራመድ አይቼ አላውቅም። ከተማዋን በዚያው ጠዋት ወደድኳት።

ከኒውዮርኩ ፔን ስቴሽን የሚነሳው ባቡር ኒውዋርክን፣ ሰሚትን፣ ማዲሰንን እያለ ዛፍ ወደ በዛበት አገር ይገባል፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው። አሜሪካውያን ይህችን የኒው ጀርሲ ከተማ የሚያነሷት ከጆርጅ ዋሽንግተን ጋር ነው። በነጻነቱ ጦርነት ሠራዊቱን ይዞ የብርዱን ወራት ያሳለፈባት ናትና መሃል ከተማ «ዘ ግሪን» በሚባለው አደባባይ ላይ እሱና ጓዶቹ በነሐስ ቆመዋል። እኔን ግን ያስቆመኝ በዚያው አደባባይ በ2005 የተተከለው ሌላው ሐውልት ነው፤ አንድ ወጣትና አንዲት ጀርመን ሸፐርድ ውሻ ጎን ለጎን እየተራመዱ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ወጣቱ ሞሪስ ፍራንክ ይባላል፤ የቴነሲ ግዛት፣ የናሽቪል ከተማ ልጅ። አንድ ዓይኑን በ6 ዓመቱ ፈረስ ሲጋልብ፣ ሌላውን በ16 ዓመቱ ቦክስ ሲጫወት አጣ። ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር፤ ከደንበኛ ደንበኛ የሚወስዱት ደግሞ በገንዘብ የተቀጠሩ ልጆች ነበሩ። መሪው ልጅ ሲሰለቸው ፍራንክም ይቆማል፤ ልጁ ከቀረ የፍራንክም ቀን ቀረ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በትር ጫፍ ለጫፍ ይዘው የሚሄዱ አዋቂና ሕፃን ያየ ሰው ይህን ኑሮ ለመገመት አይቸገርም። ሕፃኑ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ አዋቂው ደግሞ መውጫና መግቢያውን ለሕፃን ፈቃድ አሳልፎ ይሰጣል። ሁለቱም ይጎዳሉ፣ ጥፋቱ ግን የአንዳቸውም አይደለም።

በኖቬምበር 1927 የፍራንክ አባት «ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት» ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ አነበበለት። ጸሐፊዋ ዶሮቲ ሃሪሰን ዩስቲስ ናት፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቬቬይ ከምትባለው ከተማ በላይ ተራራ ላይ ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት ውሻ የምታሠለጥን አሜሪካዊት። ጽሑፉ የራሷን ሥራ የሚመለከት አልነበረም፤ ጀርመን ፖትስዳም ውስጥ ያየችውን ነበር የተረከችው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመርዝ ጋዝና በፍንዳታ ዓይናቸውን ያጡት ወታደሮች ሲበዙ፣ ዶክተር ጌርሃርድ ሽታሊንግ በ1916 ኦልደንቡርግ ላይ መሪ ውሻ የሚሠለጥንበት ትምህርት ቤት ከፈተ። ፖትስዳም ያንን ተከትሎ የመጣ ነው። ፍራንክ ወዲያው ደብዳቤ ጻፈ፦ እኔን አስተምሪኝ፣ ተመልሼ ደግሞ በአገሬ ያሉ ወገኖቼን አስተምራለሁ የሚል ነበር መልእክቱ።

ወደ አውሮፓ የሄደበት መንገድ ሳስበው አሁንም ይቆረቁረኛል። ማየት የማይችል ሰው ለብቻው ባሕር ይሻገራል ብሎ የሚያምን አልነበረምና በአሜሪካን ኤክስፕረስ በኩል እንደ ዕቃ ተመዝግቦ ተላከ፤ መርከቡም ላይ ከክፍሉ እንዳይወጣ ይቆለፍበት ነበር። ስዊዘርላንድ ሲደርስ ያገኛት ውሻ ስሟ ኪስ ነበር፣ በእንግሊዝኛ መሳም ማለት ነው፤ ወንድ ልጅ በአደባባይ የሚጠራው ስም አልመሰለውምና ባዲ አላት። በጁን 1928 ሁለቱ ኒውዮርክ ወደብ ሲደርሱ ጋዜጠኞች ከበቧቸው፤ እስቲ ይህን መንገድ ተሻገሩ አሏቸው። መንገዱ ዌስት ስትሪት ነበር፤ ከወደቡ ፊት ለፊት ያለ ሰፊ፣ የጭነት መኪና የሚተራመስበት፣ ዓይናማውም ፈራ ተባ እያለ የሚያቋርጠው። ተሻገሩ። ፍራንክ ለዩስቲስ የላከው ቴሌግራም አንድ ቃል ብቻ ነበረው፦ «ተሳካ»። እንደ ዕቃ ተጭኖ የሄደ ሰው በራሱ እግር ገባ።

በጃንዋሪ 1929 ናሽቪል ላይ የተቋቋመው ትምህርት ቤት «ዘ ሲይንግ አይ» ይባላል። የደቡቡ ሙቀት ለውሾቹ ሥልጠና አልተስማማምና በ1931 ወደ ኒው ጀርሲ ዞረ፤ ሞሪስታውን ዳርቻ ያለው ግቢው ደግሞ ከ1965 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። እስካሁን ከ17 ሺህ በላይ ሰውና ውሻ አጣምሯል። ግቢው ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ሣሩ የታጨደ ነው። የሥልጠናው ዋና ክፍል ግን ግቢው ውስጥ አይደለም፣ ከተማው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው ሳውዝ ስትሪት ላይ ቆሞ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ስለ ቡችላዎቹ ባጭሩ ልበል። ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር፣ የሁለቱ ድቅልና ጀርመን ሸፐርድ በብዛት ይገኛሉ። ጥቂት ሳምንት ሲሞላቸው ለፈቃደኛ ቤተሰቦች ይሰጣሉ። ቤተሰቡ ያለ ክፍያ ያሳድጋቸዋል፣ ሰው ላይ እንዳይዘሉ ያስተምራቸዋል፣ ሱፐርማርኬትና ባቡር ጣቢያ እየወሰደ ከጫጫታ ጋር ያላምዳቸዋል፤ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ይመልሳቸዋል። አልቅሰው ነው የሚመልሱት። አንድ ወግ አለ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ውሻው ሥልጠናውን ሲጨርስ ያሳደገው ቤተሰብ ከተማ ይጠራና ከአሠልጣኙ ጋር ሲሠራ ከሩቅ ያየዋል። ውሻው እንዳያያቸው፣ እንዳያሸታቸው ራቅ ብለው ይከተላሉ። በአልጋቸው ሥር ጫማ ሲበላ የነበረው ቡችላ መንገድ ሲያሻግር እያዩ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ።

ከአራት ወሩ ሥልጠና አንዱን ቁራጭ ግን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ ቀረብ ብዬ ያየሁት ነውና። አሠልጣኟ ወጣት ሴት ናት፤ ውሻዋ ጥቁር ላብራዶር። የአንድ ሱቅ የጨርቅ ከለላ የብረት ዘንጉ ወደ እግረኛ መንገዱ ወጥቶ በሰው ግንባር ልክ ተዘርግቷል። ለውሻዋ ዘንጉ የለም ማለት ነው፤ ከራሷ አንድ ሜትር በላይ ነው፣ በሥሩ ጅራቷን እየወዘወዘች ታልፋለች። አለፈችም። አሠልጣኟ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ዘንጉን በመዳፏ ጧ! አደረገችው፣ ደግማ ጧ! አደረገችው፣ ውሻዋ ቀና ብላ እስክታይ ጠበቀች። ቁጣ የለም፣ መሳብ የለም። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱና «ፎርዋርድ» (ወደፊት) አለቻት። ውሻዋ ዘንጉ ጋ ስትደርስ ዘገም አለች፣ አንገቷን ቀና አደረገች፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፋ ሴትየዋ ዘንጉን ሳትነካ የምታልፍበት ክፍተት ፈልጋ ዞረች። አሠልጣኟ በዚያ መንገደኛ በሞላበት ጎዳና ላይ ድምፅዋን እንደ ሕፃን አቅጥና አሞገሰቻት! ውሻዋ ሰውነቷ ሁሉ ሳቀ።

እስቲ ምን እንደ ተፈጸመ አስቡት። አንድ እንስሳ የራሷ ያልሆነን ቁመት ተማረች። ለእሷ ሰፊ የሆነ መንገድ ለሌላው ጠባብ ሊሆን እንደሚችል፣ እሷን የማይነካት ነገር ሌላውን እንደሚመታ አወቀች። ይህን ሰው ለሰው ማስተማር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ወላጅና መምህር ያውቁታል።

ከዚያ የሚቀጥለው ትምህርት ነው ልቤን የገዛው። ውሻዋ ለወራት መታዘዝን ትማራለች፦ ሂጂ ስትባል መሄድ፣ ግራ ስትባል ግራ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆሞ መጠበቅ። ይህ ሁሉ ከገባት በኋላ እምቢ ማለትን ያስተምሯታል። የትምህርት ቤቱ ሰው መኪና ይዞ መንገድ ሊሻገሩ ሲሉ ከፊታቸው ድንገት ይታጠፋል። አሠልጣኟ «ፎርዋርድ» ትላለች፤ ውሻዋ መሄድ የለባትም። መሃል መንገድ ላይ ከሆኑ ደግሞ መቆም ወይም ሰውየውን ይዛ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለባት። ትእዛዙ ቢደገምም አትሄድም። በሙያው «አስተዋይ እምቢታ» ይሉታል፤ ጉድጓድ፣ የባቡር መድረክ ጠርዝ፣ ሳይታይ ብቅ ያለ መኪና ሲመጣ የጌታዋን ቃል ትሽራለች። ለጌታዋ ስትል። ብዙ ጊዜ የውሻን ታማኝነት ስናወድስ መታዘዙን ነው የምናወድሰው። እዚህ ግን ውሻው ታዛዥ ብቻ ከሆነ ሰው ይገድላል፤ ታማኝነቱ የሚለካው እምቢ በሚልበት ቅጽበት ነው።

ታዲያ መንገዱን የሚያውቀው ማነው? ይህን ጥያቄ ለአንድ ተማሪ አቀረብኩለት፤ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ዓይኑን ያጣው በሥራ ዘመኑ መካከል። «እኔ ነኛ!» አለኝ፣ እንደ መገረም ብሎ። «ውሻው ፖስታ ቤት የት እንዳለ በምን ያውቃል? ስንት መንገድ እንደምሻገር፣ የት እንደምታጠፍ በጭንቅላቴ ይዤ የምነግረው እኔ ነኝ። እሱ ሥራው እዚያ እስክደርስ ከአንድም ነገር ጋር እንዳልጋጭ ነው።» ለዚህ ነው ትምህርት ቤቱ በነጭ በትር ከቦታ ቦታ መሄድ የሚችል ሰው የሚፈልገው፤ አቅጣጫ ከሰውየው ነው የሚመጣው። በበትርና በውሻ መካከል ያለውንም ልዩነት ነገረኝ። በትሩ ወንበሩን፣ ምሰሶውን፣ የቆመውን ብስክሌት እየነካ ይነግርሃል፤ ውሻው ደግሞ ወንበር እንደ ነበረ ሳታውቅ ያሳልፍሃል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚወስነው ነው፤ ብዙ ዓይነ ስውር በትሩን ይመርጣል፣ መብቱም ነው።

የትራፊክ መብራቱም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ውሻው መብራት አይቶ የሚያሻግር ይመስለዋል። ውሻ ቀይና አረንጓዴን አይለይም። መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ሰውየው ቆሞ ያዳምጣል፤ በጎኑ ያሉት መኪኖች በእሱ አቅጣጫ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ተራው መሆኑን አውቆ «ፎርዋርድ» ይላል። የሚወስነው ጆሮው ነው፣ ውሻዋ ደግሞ ውሳኔውን ትመረምራለች። ስለዚህም ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲመጡ ነገሩ ከበደ። ትምህርት ቤቶቹ ውሾቹን በእነዚሁ መኪኖች ማሠልጠን ጀመሩ፤ የአሜሪካ መንግሥትም እነዚህ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ የሚሰማ ድምፅ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ደንብ በ2016 አወጣ። የዓይነ ስውራን ማኅበራት ጮኸው፣ ተከራክረው ያመጡት ድል ነው፤ ጥቅሙ ግን ስልኩን እያየ ለሚሻገረውም ደርሷል።

ውሻና ሰው የሚጣመሩበት ጥበብ የተለየ ክብር ይገባዋል። «ጁኖ» ይሉታል። አሠልጣኙ ራሱ መታጠቂያውን ይዞ ውሻ ይሆናል፤ አመልካቹ እጀታውን ይዞ ይከተላል፣ «ፎርዋርድ፣ ራይት፣ ሌፍት» እያለ ያዝዛል። በዚህ መሃል አሠልጣኙ ስንት ነገር ይለካል! የሰውየውን ፍጥነት፣ ምን ያህል መሳብ እንደሚወድ፣ ሲያመሰግን ድምፁ እንዴት እንደሆነ፣ ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ። እኔም እንድሞክር ተፈቀደልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እጀታውን በግራ እጄ ያዝኩ። የቆዳው ሙቀትና የብረቱ ጥንካሬ፣ ከዚያ ትንሿ ወደፊት የምትስብ ኃይል። በጥቂት እርምጃ ውስጥ ሰውነቴ አንድ ነገር ተረዳ፦ እጀታው ይናገራል። ወደ ግራ ሲያዘነብል ገና ሳይታጠፍ አወቅኩ፤ ሲቆም ቀድሞ ክርኔ ሰማ። የሚጣደፈው ሰው ከሚጣደፍ ውሻ፣ ረጋ ያለው ከረጋው ጋር እስኪገጣጠም ብዙ ይመከራል፤ አገር ቤት ሽማግሌ ልጁን ከመዳሩ በፊት የሚያጠናውን ያህል።

ተማሪዎቹ ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ግቢው ውስጥ ይኖራሉ። በመጀመሪያ ጸጥ ባለ ሰፈር፣ ከዚያ መሃል ከተማ፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ ሄደው የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ይለማመዳሉ። ምግብ፣ መኝታ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሁሉ ይሸፈናል። ሰውና ውሻን አሠልጥኖ ማሰናበት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ በጎ አድራጊዎች የሚከፍሉት ነው። ተማሪው የሚከፍለው ግን 150 ዶላር ነው። ይህ ዋጋ ከ1934 ጀምሮ አልተለወጠም። ለሁለተኛ ውሻ 50 ዶላር፣ ለቀድሞ የጦር ሠራዊት አባል 1 ዶላር። በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፤ ገንዘብ አጥሮት የተመለሰ የለም።

ለምን በነጻ አይሰጡም? ጥያቄው በጊዜው ተነስቶ መልስ ያገኘ ነው፦ ውሻው ምጽዋት እንዳይሆን። የከፈለ ሰው የራሱን ውሻ ይዞ ይሄዳል፤ አንገቱን አይደፋም፣ ለማንም የምስጋና ባለዕዳ አይሆንም። ይህን ስሰማ ዓይነ ስውርነትንና ልመናን አስተሳስሮ የሚያየው የእኛው ልማድ ትዝ አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳንቲም መጣል ጽድቅ ነው፤ ማንም ነውር አይለውም። ሰውየው ግን ኢንሹራንስ መሸጥ ቢፈልግስ? 150 ዶላሯ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠች መልስ ሆና ታየችኝ፤ በዚህ ትምህርት ቤት ካየሁት ጥበብ ሁሉ ይህችን አስበልጣለሁ።

ከእኛ ወገን በዚህ ግቢ ካለፉት አንዷን ዓለም ያውቃታል። ሃበን ግርማ በ1988 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ የተወለደች፣ እናቷ ከኤርትራ በስደት የወጣች፣ ማየትም መስማትም የተሳናት ሴት ናት። ገና ኮሌጅ ሳለች ሞሪስታውን መጥታ ማክሲን ከምትባል ጀርመን ሸፐርድ ጋር ተጣመረች። ከማክሲን ጋር ሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ገባች፤ በ2013 ከዚያ ትምህርት ቤት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ማየትና መስማት የተሳናት ሰው ሆነች። በ2015 ዋይት ሀውስ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኦባማ በኪቦርድ እየጻፈላት፣ እሷ በጣቶቿ በብሬል እያነበበች ተነጋገሩ። ማክሲን ስትሞት ማይሎ ተተካ፣ እሱም የሞሪስታውን ተማሪ። የሃበንን ታሪክ ለውሻ መስጠት ግን ስሕተት ነው፤ ጠበቃ ያደረጋት የራሷ ልፋት ነው። ውሻዋ የሠራችው ሥራ ግልጽ ነው፦ ክፍል ድረስ፣ ካፌ ድረስ፣ ሆቴል ድረስ ያለውን መንገድ በፈለገችው ሰዓት እንድትሄድ።

መሪ ውሾቹ በር ከፈቱ እንጂ ዛሬ ብቻቸውን አይደሉም። በ1975 ካሊፎርኒያ ሳንታ ሮዛ ላይ ቦኒ በርጊን «ኬናይን ኮምፓኒየንስ» የተባለውን ድርጅት ካቋቋመች ወዲህ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች የወደቀ ቁልፍ የሚያነሱ፣ በር የሚከፍቱ፣ መብራት የሚያበሩ ውሾች ይሠለጥናሉ። መስማት ለተሳነው በር መንኳኳቱን የሚነግሩም አሉ። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሁሉንም ያቅፋል። ባለሱቁም ሆነ ባለምግብ ቤቱ የውሻውን አገልግሎት በዓይኑ ለይቶ ካላወቀ መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ውሻ በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን ሥራ እንዲሠራ ሠልጥኗል? ወረቀት አምጣ፣ ሕመምህን ንገረኝ ማለት አይቻልም። ታክሲም እምቢ ማለት ወይም ተጨማሪ ሒሳብ መጠየቅ አይችልም።

ይህ ሕግ የዋሽንግተን ዲሲን ኢትዮጵያውያን በቀጥታ ይነካል፤ ስንቶቻችን ታክሲ ነጂዎች፣ ስንቶቻችን ባለምግብ ቤት ነን። ያደግነው ውሻ ከአጥር ወዲያ በሚያድርበት፣ የእብድ ውሻ በሽታ እውነተኛ ስጋት በሆነበት አገር ነው፤ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከሞሪስታውን ስመለስ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ነባር የታክሲ ሾፌርን ስለዚሁ አወጋኋቸው። «ጋሼ፣ መሪ ውሻ የያዘ ሰው ጭነው ያውቃሉ?» ስላቸው ሳቁ።

«ደንበኛዬ ነው እንጂ!» አሉኝ። «የመጀመሪያ ቀን ሰውነቴ ተሸማቆ ነበር፣ አልዋሽህም። ውሻው ገብቶ ሰውየው እግር ሥር ኩርምት አለ፣ እስክንደርስ ትንፍሽ አላለም። ወንበሬ ላይ ፀጉር እንኳ አልቀረም። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን አደርሰዋለሁ። እና ታውቃለህ ምን ይገርመኛል? እኔ ጂፒኤስ አይቼ እነዳለሁ፤ እሱ ከኋላ ሆኖ መታጠፊያውን እየቆጠረ፣ ‘ጓደኛዬ፣ ኮኔክቲከት ጎዳናን አልፈሃል፣ የሚቀጥለውን ወደ ቀኝ ያዝ’ ይለኛል።»